የአባቴ ዲኤክስ ጌጆች፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ትናንት ማታ ከሰርቦ ስመለስ ነዳጅ አለቀብኝ። የነዳጅ ጌጁ (መለኪያው) ሩብ ታንከር ያሳያል። ሞተሩ ሁለቴ አንገራግሮ ጠፋ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። አንድ የኢሱዙ ሹፌር ቆሞ በገመድ ጎትቶ ከተማ አስገባን። ስሙን እንኳን ሳልጠይቀው ሄደ። እግዜር ይስጠው።

ዛሬ ጠዋት 20 ሊትር ቀዳሁና ደብተር ገዛሁ። የችግሩን ሥር እስካገኝ ድረስ የሠራሁትን ሁሉ እጽፋለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ባለ 1.3 ሊትር 4ኬ ሞተር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ክሩስኮቷ (ከመሪው ፊት ያለው የጌጆቹ ሰሌዳ) ላይ ያለው ሁሉ ሽቦ፣ መርፌና ጥቂት ብረት ነው። በካቻቢቴና በመልቲሜትር የማይደረስበት ነገር የላትም።

ያሉብኝ ችግሮች እነዚህ ናቸው። ነዳጅ ጌጁ ካለው በላይ ያሳያል። ሙቀት ጌጁ ሞተር ካስነሳሁ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ኤች (ሙቅ) ይጠጋል። የፍጥነቱ መርፌ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሩም ከስልኬ ጂፒኤስ ጋር አይገጥምም።

ለሙቀቱ ከአንድ ወር በፊት ጋራዥ ወስጃት ነበር። «ቴስታታው ይውረድ፣ ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» ተባልኩ። ቴስታታ የሞተሩ የላይ ክፍል ነው፣ ጋርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ። ዋጋው ከባድ ነበር። ያላሳመነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ራዲያተሩ ውሃ አይቀንስም። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አይወጣም። ዘይቱም እንደ ወተት አልነጣም። ጋርኒሲዮን ሲቃጠል ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ይታያል። በመርፌ ቃል ብቻ ሞተር አይከፈትም ብዬ ይዣት ወጣሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ዛሬ ዕቃ አልፈታሁም። ጌጆቹ እንዴት እንደሚሠሩ አጥንቼ ሁለት ቀላል ሙከራ ብቻ አደረግሁ።

የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ስስ ዘንግ አለ። በላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ መርፌውን ይገፋል። ቁልፉ ሲከፈት መርፌው ቀስ እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው። ዝግታውም ይጠቅማል። ነዳጁ በታንከሩ ውስጥ ሲናጥ መርፌው አብሮ አይዘልም።

ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ የሚወስነው ሴንሰሩ ነው። ታንከሩ ሲሞላ የነዳጁ ሴንሰር ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅሙ) ይቀንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የሙቀቱ ሴንሰር እንዲሁ ይቀንሳል። ሬዚስታንሱ ሲወርድ መርፌው ይወጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ የሙቀቱን ሴንሰር ሽቦ ከሞተሩ ላይ ነቀልኩ። መርፌው ወደ ሲ (ቀዝቃዛ) ወረደ። ሽቦውን ለጥቂት ሰከንድ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካሁ። መርፌው ወደ ኤች መውጣት ጀመረ፣ ወዲያው ለቀቅሁት። ረጅም ጊዜ ከተያዘ ጌጁ ሊቃጠል ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ሽቦው አልተቆረጠም፣ ጌጁም ሕይወት አለው።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ሳላስበው ነው። ማታ መኪናዋን ግቢ ሳስገባ የፊት መብራት አበራሁ። ሁለቱም መርፌዎች ቀስ ብለው ከፍ አሉ። አጠፋሁት፣ ወረዱ። ደግሜ አየሁት፣ ያው ነው። መብራት ሲበራ ባትሪው ላይ ጫና ስለሚጨምር መርፌ ቢወርድ ይገባኛል። ለምን ይወጣል?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሂርማታ አካባቢ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሉ። በዕድሜ ገፍተዋል፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አባቴም መኪናውን ለሌላ ሰው አያስነካም ነበር። ከሥራ ስወጣ ሄጄ የመብራቱን ነገር ነገርኳቸው።

«የትኛውን ሴንሰር ልቀይር ጋሼ?»

«ለምን ትቀይራለህ? ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሆዱን ካመመው አብረው የበሉትን ነው መጠየቅ። ማሳውን እየው ልጄ።»

ማሳ የሚሉት የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲው ብረት ጋር የሚገናኝበትን ነው። ቡና አስቀድተው ቀሪውን አስረዱኝ። ሁለቱ ጌጆች አንድ ትንሽ ሬጉሌተር ይጋራሉ። ይህ ሬጉሌተር የባትሪውን 12 ቮልት እየቆረጠ እየቀጠለ በአማካይ ወደ 7 ቮልት ያወርደዋል። የሚቆርጠው ራሱም በሙቀት የሚጎብጥ ብረት ስላለው ነው። ያ ብረት እንዲሞቅ ደግሞ ማሳ ያስፈልገዋል። ማሳው ከደከመ ብረቱ በቂ አይሞቅም፣ ሬጉሌተሩ መቁረጥ ይተዋል፣ ሙሉው ቮልት ወደ ጌጆቹ ያልፋል። ሞተር በርቶ ዲናሞው ሲሞላ ያ 14 ቮልት ይደርሳል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። መርፌ እንዴት አይወጣ!

የመብራቱ ነገርም ያኔ ገባኝ። የክሩስኮቱ አምፖሎች የሚጠቀሙት በዚያው ማሳ ነው። መብራት ሲበራ የደከመው ማሳ ላይ ጭነት ይጨመራል፣ ሬጉሌተሩ ጭራሽ ይሰንፋል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀመርኩ። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታሁ። ከዚያ በክሩስኮቱ ዙሪያ ያሉትን ብሎኖች አወጣሁ። ሁለቱ ከላይ በኩል ተደብቀው ስለነበር ጊዜ በሉብኝ። የኪሎሜትሩን ገመድ ከጀርባ በእጅ ተጭኖ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ዕቃውን ወደ ራስ ጎትቶ ገመዱን መበጠስ የብዙ ሰው ስህተት ነው።

ከክሩስኮቱ ጀርባ እንደ ወረቀት የሚተጣጠፍ የመዳብ መስመር የታተመበት ፕላስቲክ አለ። በስልክ ፎቶ አነሳሁት። የትኛው ሶኬት የት እንደነበር በኋላ ማስታወስ ቀላል አይደለም።

ባትሪውን መልሼ አሰርኩና ክሩስኮቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ለካሁ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ክሩስኮቱ ማሳ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ንባቡ ዜሮ አጠገብ፣ ቢበዛ 0.2 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። የእኔ 1.9 አለ። መብራት ስጨምር 4.6 ደረሰ። ያለ ምንም ዕቃ ግዢ፣ ያለ ምንም ግምት፣ ችግሩ በቁጥር ፊቴ ቆመ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ከዚያ ሽቦውን መከተል ነው። በቶዮታ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ሽቦ ማሳ ነው። በክሩስኮቱ ሥር ወርዶ፣ ከሹፌሩ እግር ጎን ካለው ፕላስቲክ ጀርባ ገባ። ፕላስቲኩን ሳነሳ ምንጣፉ ረጥቧል። ሽቦው የታሰረበት ቡሎን በዝገት አብጧል። ከላይ ቀና ብዬ ሳይ የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ቀሪው ግልጽ ነው። ከግንቦት ጀምሮ የሚወርደው ውሃ በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ቡሎኑ ላይ ሲንጠባጠብ ኖሯል። ስንት ክረምት እንደሆነ አላህም እግዜርም ይወቀው።

ቡሎኑን በሚያላቅቅ ዘይት ነክሬ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ተመልሼ ፈታሁት። የሽቦውን ቀለበትና የቦዲውን ብረት የሚያብረቀርቅ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ቀለም ላይ ማሰር ዋጋ የለውም፣ ባዶ ብረት መሆን አለበት። አዲስ ቡሎን አሰርኩና ውሃ እንዳይነካው በላዩ ቫዝሊን ቀባሁት። የመስታወቱን ጎሚኒ አድርቄ በሲሊኮን ዘጋሁ።

ለካሁ፦ 0.04 ቮልት።

ሬጉሌተሩን ደግሞ በትንሽ 12 ቮልት አምፖል ፈተንኩት። በዲጂታል መልቲሜትር ቁጥሩ እየዘለለ ግራ ያጋባል፣ አምፖል ግን ይናገራል። ብልጭ ድርግም ካለ ሬጉሌተሩ እየቆረጠ ነው። በርቶ ከቀረ ሞቷል። የእኔ ብልጭ ድርግም አለ። መጣል ያለበት ሬጉሌተር አልነበረም፣ ሴንሰርም አልነበረም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ደስታዬ አንድ ሌሊት ነው የቆየው።

ጠዋት ሞተር አስነሳሁ። መብራት ሳበራ መርፌዎቹ አይነቃነቁም፣ መልካም። ግን አሁን ሁለቱም ዝቅ ብለዋል። በሒሳቤ ታንከሩ ውስጥ 17 ሊትር ገደማ አለ፣ ጌጁ ከኢ (ባዶ) ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል። የሙቀቱ መርፌ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነድቼም ከሲ ብዙም አልራቀም።

ያልተረጋጋው ቮልት ሌሎች ስህተቶችን ሸፍኖ ኖሯል ማለት ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ታየ። ጌጁ ዝቅ አለ ወይስ ሞተሩ በእውነት ቀዝቃዛ ነው? ይህን ለመለየት የጌጁን ቃል ሳይሆን የውሃውን ሙቀት ማወቅ አለብኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ጎረቤቴ የኬሚስትሪ መምህር ነው። የመስታወት ቴርሞሜትር አዋሰኝ።

ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የሙቀቱን ሴንሰር ፈትቼ አወጣሁ። ድስት ውስጥ ውሃ አድርጌ፣ ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥዬ፣ እያሞቅሁ ሬዚስታንሱን ለካሁ። 50 ዲግሪ ላይ 200 ኦም አካባቢ። ውሃው ሲፈላ ወደ 45 ኦም ወረደ። እየሞቀ ሲሄድ ሳይዘል በለስላሳው ይወርዳል። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃው ሲፈላ ቴርሞሜትሩ 100 አላለም፣ 94 ነው ያለው። መሣሪያው አልተሳሳተም። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃም እዚህ 94 አካባቢ ይፈላል። «የፈላ ውሃ 100 ነው» ብሎ ሴንሰር የሚፈትሽ ሰው እዚህ አገር 6 ዲግሪ ይሳሳታል። ከዚህ ጋር የራዲያተር ክዳን ጉዳይ አለ። የእኔ ክዳን ላይ 0.9 ተጽፎበታል። ያንን ግፊት ከያዘ በጅማ ከፍታም ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎሚኒው የላላ ክዳን ከሆነ ግን 94 ላይ ይፈላል፣ በቀላል ዳገትም ሊገነፍል ይችላል። ከቴስታታ በፊት ክዳን ይታይ የምለው ለዚህ ነው። የእኔን አየሁት፣ ደህና ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ከሥራ በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን በአፉ አስገባሁና ሞተሩን አስነሳሁ። (የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም፣ ፊት ያቃጥላል።) ጤነኛ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው በር) እስኪከፈት ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በአንዴ ይሞቃል። የእኔ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ውሃው ይሽከረከራል። ከ20 ደቂቃ በኋላ 60 ዲግሪ ብቻ ነው።

ማታ ሁለቱን ቡሎኖች ፈትቼ የቴርሞስታቱን ቤት ከፈትኩ። ባዶ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው «ሙቀት አበዛ» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ያወጣው ሰው ግን መርፌውን አምኖ ነበር። መርፌው የሚወጣው በማሳው ምክንያት ነበር።

ከዚሁ ከጅማ መርካቶ አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁ። ላዩ ላይ 82 ተጽፎበታል። በዚያችው ድስት ፈተንኩት፣ 82 አካባቢ መከፈት ጀመረ፣ ውሃው ሲፈላ ከፈት ብሎ ቆመ። የወረቀት ጋርኒሲዮን ቆርጬ ገጠምኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው፣ ቁልፍ አልያዝኩም። ቤተሰቡን ይዤ ወደ ጂረን ወጣን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ዳገቱ ጥሩ ፈተና ነው። መርፌው ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። አራት ሰው ጭና ስትወጣም አልተነቃነቀም። ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ መንገዱን እንጂ እሱን አትይ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

የነዳጁ ቀን።

በሳምንቱ ነዳጁን ሆን ብዬ አሳነስኩት። ግቢ ውስጥ፣ ከቤትና ከእሳት ርቄ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ የቀረውን ነዳጅ በጀሪካን ቀዳሁ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ግቢ እንዳይገባ ለሁሉም ነገርኩ።

የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ የሴንሰሩን ብሎኖች ፈታሁ። ሴንሰሩ ረጅም ክንድ አለው፣ ጫፉ ላይ የነሐስ ተንሳፋፊ። ክንዱን በእጄ እያወጣሁ ለካሁ። ታች ሲሆን 110 ኦም አካባቢ፣ ላይ ሲሆን ጥቂት ኦም ብቻ። መሃሉ ላይ ሁለት ቦታ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ሽቦው ቆሽሿል። በንጹሕ ጨርቅና በኮንታክት ማጽጃ ቀስ ብዬ ጠረግሁት። እዚህ ላይ የብርጭቆ ወረቀት አይነካም፣ የተጠመጠመው ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው።

ከዚያ ተንሳፋፊውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁት። ውስጡ ነዳጅ ይንቦጫረቃል።

ነገሩ ይኸው ነው። ነዳጅ የገባበት ተንሳፋፊ ይከብዳል፣ ከነዳጁ ሥር ሰምጦ ይሄዳል፣ ጌጁ ካለው በታች ያሳያል። በፊት ማሳው ወደ ላይ ሲጎትት ይህ ወደ ታች ይጎትት ነበር። ሁለት ስህተት እየተጓተቱ፣ አንዳንድ ቀን መሃል ላይ ሲገናኙ፣ ጌጁ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

ቀዳዳውን ለማግኘት ሙቅ ውሃ በቂ ነው። ምድጃው ቤት ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ውሃውን በባልዲ አመጣሁና ተንሳፋፊውን ነከርኩት። ከመገጣጠሚያው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቦታ አረፋ መትፋት ጀመረች። ውስጥ ያለው ነዳጅ በሙቀቱ ተኖ ራሱን እየገፋ ይወጣል። ሽታው እስኪጠፋና ሲነቀነቅ ምንም እስከማይሰማ ድረስ ውሃውን ስድስት ጊዜ ቀየርኩ። ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ እተወዋለሁ። ነዳጅ ያለበትን ነገር በእሳት መንካት ሞት ነው፣ እንፋሎቱ ይፈነዳል። በዚህ ላይ መቸኮል የለም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

ተንሳፋፊውን ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። አሸተቱት፣ ነቀነቁት፣ ደግመው ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኤሌክትሪክ ካውያ ቀዳዳዋን ደፈኑልኝ። ነበልባል አልተጠቀሙም። «ብዙ አታብዛበት፣ ከከበደ ያው ነው» አሉ፣ የተረፈውን እርሳስ ጠረጉት። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ላስመጣ አስቤ ነበር። አላስፈለገም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ሴንሰሩን በአዲስ ጎሚኒ ገጠምኩ። ታንከሩ ባዶ ስለሆነ ጌጁን ከራሱ ከነዳጁ ጋር ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። በ5 ሊትር ጀሪካን እያፈሰስኩ፣ በየመሃሉ ቁልፍ ከፍቼ ሁለት ደቂቃ እየጠበቅሁ፣ መርፌው የቆመበትን ጻፍኩ። ጀሪካኑ ካለቀ በኋላ ማደያ ሄጄ በአምስት አምስት ሊትር አስቀዳሁ። ቀጂው ልጅ ትዕግሥተኛ ነበር።

ኢ ላይ ሲቆም 6 ሊትር አለ። ሩብ ሲል 16። ግማሽ ሲል 27። ኤፍን (ሙሉ) የሚነካው 46 ላይ ነው፣ ታንከሩ 50 ይይዛል። መርፌው እኩል እኩል አይሄድም፣ ታንከሩም ወጥ ሳጥን ስላልሆነ ይህ ያለ ነው። ቁጥሮቹን በትንሽ ካርቶን ጽፌ የፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጠፍኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ፍጥነቱ በአጭሩ። ገመዱን ከቱቦው ስስበው ቅባቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። የመርፌው መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው። በነዳጅ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ስስ ግሪስ ቀባሁት። ላይኛውን ጫፍ አልቀባሁም፣ ግሪሱ ወደ ጌጁ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። አሁን መርፌው ጸጥ ብሏል።

ቁጥሩ ግን 60 ሲል ስልኩ 62 ይላል። የዚህ ጥፋተኛ ጎማው ነው። በጃፓን መለኪያ ገመዱ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ እንዲዞር ነው የተሠራው፣ ሒሳቡ የተያዘው በፋብሪካው 155 በ13 ጎማ ነው፣ የጎማው ቁመት ከላይ እስከ ታች 578 ሚሊ ሜትር ገደማ። አሁን ያለችበት 175/70 በ14 ነው፣ 601 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ 4 በመቶ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የፍጥነት ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት የለበትም፣ የእኔ ያሳያል። ጎማው ገና አዲስ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ከገደቡ ዝቅ ብዬ እነዳለሁ፣ ሲያልቅ ወደ 13 እመልሳታለሁ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም 96 ሲል 100 መሄዴን ካርቶኑ ላይ ጨመርኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት የሹፌሩን እግር ምንጣፍ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው። ማሳው 0.04 ቮልት፣ እንደነበረው።

መርፌው ሩብ ላይ ሲደርስ ማደያ ገባሁ። በካርቶኑ ሒሳብ 34 ሊትር መቀበል አለባት። «ሙላው» አልኩና ከመኪናው ወርጄ ቁጥሩን ቆሜ አየሁ። ማሽኑ 33.6 ላይ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ልጄን ይዤ ሰርቦ ሄጄ ተመለስኩ።